ከመሰማቱ በፊት የሚሰላ ድምፅ

በሾኔ፣ ከሀላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከመኖሪያ ቤቶች 100 ሜትር ርቆ ወፍጮ ቤት ሊሠራ ታቀደ እንበል። ነዋሪዎችን ይረብሽ ይሆን? መልሱ ከግንባታው በፊት በስሌት ሊገመት ይችላል።

ወፍጮው በ2 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ያሰማል ብለን እንነሣ። ግርዶሽ በሌለበት ሜዳ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር መጠኑ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በ64 ሜትር 55 ይደርሳል። ይህም በኢትዮጵያ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተወሰነው የቀን ጣሪያ ነው። የሌሊቱ ጣሪያ ግን 45 በመሆኑ 200 ሜትር ያህል መራቅን ይጠይቃል። ተመሳሳይ ሁለተኛ ወፍጮ ቢታከል 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ሆኖም የቀኑ ወሰን ወደ 90 ሜትር ይሰፋል።

እንግዲህ ነዋሪዎቹ ቀን ቢታገሡትም ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ። ቦታውን ማራቅም ሆነ የሥራውን ሰዓት መወሰን የሚቀለው መሠረቱ ሳይጣል ነው።