ሰርቨሩ የት ይቀመጥ? በደጋ ከተማ ለሚሠራ ድርጅት

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሊያስገባ የመጣው ብሩን እንደያዘ፣ ሊያወጣ የመጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የግል ክሊኒክ፣ የጅምላ መደብር ወይም የመንዝን የጓሳ ሜዳ ጎብኚዎች የሚያሳድር የእንግዳ ማረፊያ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር፣ ያ ቃል በእሱም መስኮት እንዳይሰማ ገና ሲጀምር አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። መረጃው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ ገዝቶ ቢሮው ያኑር ወይስ ክላውድ ላይ ይከራይ?

የቢሮ ሰርቨር የራስ ንብረት ነው። መብራቱን የሚያቀርቡለት፣ በሩን የሚቆልፉለት፣ ሲበላሽ የሚያሠሩት እርስዎ ነዎት። ክላውድ ደግሞ ሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ነው፤ በኢንተርኔት እየገቡ ይጠቀሙበታል፣ በየወሩ ይከፍላሉ። አገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት አለው። ከውጭ ለኢትዮጵያ ቀረብ ከሚሉት መካከል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩት የማይክሮሶፍት ማዕከላት እና በ2020 እ.ኤ.አ. በኬፕታውን የተከፈተው የአማዞን ማዕከል ይገኙበታል። መካከለኛ መንገድም አለ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮ እና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ስላሉ የራስን ሰርቨር እዚያ በኪራይ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ግን ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት እንጂ አንድ ቢሮ ላለው አይመከርም።

1. በመጀመሪያ ሥራዎቹን ይለዩ

ለመላው ድርጅት አንድ መልስ መፈለግ ዋናው ስህተት ነው። ሥራዎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ኢንተርኔት ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ይጻፉ።

የወሩ ጥያቄ የተጋነነ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሂሳቡን በሙሉ ክላውድ ላይ አድርጎ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚገባ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ የገዛ መዝገቡን ከፍቶ ማየት አይችልም።

በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ የማኅበር አባል ቁጠባውን ሊያወጣ መስኮቱ ጋ ሲቆም ገንዘብ ያዡ ቀሪ ሂሳቡን ወዲያው ማየት አለበት። ስለዚህ ይህ ሥራ ያለ ኢንተርኔት መሄድ አለበት። የክሊኒክ የሕመምተኛ ካርድም እንዲሁ ነው። ፒችትሪን የመሳሰለ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሂሳብ ሶፍትዌርም ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ እዚያው ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

የእንግዳ ማረፊያው ነገር ግን ተቃራኒ ነው። ጓሳን ለማየት ከውጭ አገር የሚጽፍ ሰው ኢሜይሉና የክፍል ማስያዣው ሌሊትም፣ መንዝ ላይ መብራት ሲጠፋም ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይገባል። ይህን ቢሮ ሰርቨር ላይ ማድረግ ደንበኛን በር ዘግቶ እንደመጠበቅ ነው። ኢሜይል፣ ድረ ገጽ እና ቦታ ማስያዣ ክላውድ ላይ ይሁኑ።

2. የመስመሩን ልክ በራስዎ ጠረጴዛ ላይ ይለኩ

ሻጭ የሚነግርዎ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የማውረጃው ነው። ለክላውድ የሚያስፈልግዎ ግን ወደ ላይ የሚልኩበት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ቀትር እና ማታ እየለኩ ይመዝግቡ፤ የተቋረጠበትን ሰዓትም ጨምረው ይጻፉ። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ኔትወርክ በሚደርስበት ቦታ ሁለቱንም ይሞክሩ። ሙከራው የሚጠቅመው ኮምፒውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል ሲደረግ ነው።

ቁጥሩን በሥራ ያስሉት። 20 ጊጋባይት መረጃ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ያለማቋረጥ 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የዕለቱን ለውጥ ብቻ፣ 200 ሜጋባይት ቢሆን፣ በ13 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ይዞ ጥሩ መስመር ካለበት፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን፣ መጫን ይሻላል። ከዚያ በኋላ የዕለት ለውጡን ብቻ በሌሊት መላክ ይበቃል።

3. ከፍታው በዕቃው ላይ የሚያደርሰውን አስቀድመው ይወቁ

ይህን ክፍል ከሌሎቹ አስረዝማለሁ። ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ የሚያወጣ ነጋዴ ከፍታውን አያስብም፤ ገዢውም አይጠይቅም።

ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የምታነበው ጫፍ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የምትንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል፤ ጫፏ ሳህኑን ከነካች ዲስኩ ይበላሻል። የአብዛኞቹ ተራ ዲስኮች የመሥሪያ ከፍታ 3,050 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ሜዳም በ3,000 ሜትር ዙሪያ ነው። ስለዚህ በመንዝ ደጋ ለሚቀመጥ ሰርቨር የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ኤስኤስዲ ይግዙ። ዋጋው ከፍ ቢልም አይከራከሩበት። ዓለም ከተማ በብዙ ዝቅ ስለሚል ይህ አያሳስበውም።

የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። ብርድ አገር ስለሆነ ሰርቨር አይሞቅም ብሎ በጠባብ ቁም ሳጥን መዝጋት የተለመደ ጥፋት ነው። ከፊትና ከኋላው ክፍተት ይተዉለት፤ ማራገቢያውን በየጊዜው ከአቧራ ያጽዱ።

ጄኔሬተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። 5 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠው መሐል ሜዳ ላይ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ቢሰጥ ነው። ሲገዙ ይህን ቀንሰው ያስሉ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ሌላ ነገር አለ። ማታ የጠፋ ሰርቨር ሌሊቱን ከክፍሉ ጋር ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሰው ሲገባ፣ ቡና ሲፈላ፣ የክፍሉ አየር እርጥበት ይይዝና በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ያኔ ማብሪያውን መጫን ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ሰርቨሩን ሌሊትም አያጥፉት፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። መብራት ጠፍቶ ካደረ ግን ክፍሉ ሞቆ ብረቱ በእጅ ሲነካ ደረቅ እስኪሆን ይጠብቁ።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። የግራውንድ ሽቦው መኖሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስለኩ። መከላከያውን በመብራት መስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከውጭ በሚገባው የኔትወርክ ሽቦም ላይ ያድርጉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን ይረሳል።

4. መብራት

ትንሽ ሰርቨርና ራውተር በአንድነት 115 ዋት ገደማ ቢወስዱ ለ4 ሰዓት 460 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ቢይዝም የሊድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ አንድ ባትሪ ለ4 ሰዓት ጭንቅ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከገዙ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አያድርጉት።

መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው በሽቦ መገናኘት አለበት። ይህ ሽቦ ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚቀርበት ቢሮ ብዙ ነው። መዝገብ ሲጻፍ መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የሂሳብ ፋይሉም ይበላሻል።

ክላውድ ቢመርጡም ከዚህ አያመልጡም። ላፕቶፑና ራውተሩ መብራት ይሻሉ፤ የሚፈልጉት ባትሪ ግን በጣም ያነሰ ነው።

5. ወጪውን በ5 ዓመት ያስሉ

ለቢሮው ሰርቨር የግዢውን ዋጋ ብቻ አይጻፉ። ዩፒኤስ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ባትሪ፣ መጠባበቂያ ዲስክ፣ የባለሙያ ክፍያ ከነመጓጓዣውና አበሉ፣ እንዲሁም በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን መብራት ይጨምሩ።

ለክላውድ ደግሞ የሚከፈልበትን ገንዘብ ይመልከቱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በወር 50 ዶላር የሚከፍል ድርጅት አጠቃቀሙ ምንም ሳይጨምር ወጪው ከ2,850 ብር ወደ 5,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። ክፍያው በዶላር ካርድ ከሆነ ካርዱ ባልሠራበት ቀን አገልግሎቱ ሊዘጋ ይችላል። በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ አገልግሎት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ዋጋው የሚሻሻልበትን ሁኔታ ግን ውሉ ላይ ያንብቡ። አንዳንድ የውጭ አቅራቢዎች መረጃን መልሶ ለማውረድም ያስከፍላሉ።

6. የሚጠብቀው ማን ነው?

ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ሰው ይፈልጋል። በስሙ የተጻፈ ኃላፊ ከሌለው፣ ማሻሻያ የማይጫንለትና ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) የማይታይ ከሆነ፣ ከክላውድ ይልቅ አደገኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያስቡት፤ በእነዚያ ቀናት ሥራው እንዴት ይቀጥላል? እኔ ብጠየቅ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ሰርቨሩን ከፍቶ ዲስክ መቀየር የሚችል አንድ ሰው ያላሠለጠነ ድርጅት ሰርቨር እንዲገዛ አልመክርም።

በክላውድ በኩል ያለው አደጋ ሌላ ነው። ዋናው መለያ በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይልና ስልክ ተከፍቶ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ድርጅቱ መግቢያ ያጣል። መለያው በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለት ፈራሚዎች ብቻ ይክፈቱት።

7. ባክአፕ

ለአብዛኞቹ የመንዝ ድርጅቶች የሚስማማው አደላደል ይህ ይመስለኛል፦ የዕለት ሥራው ቢሮ ውስጥ፣ ቅጂው ክላውድ ላይ፣ ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ ከኮምፒውተር ተነቅሎ በሌላ ሕንፃ ውስጥ በሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ላይ። ሦስተኛው የሚያስፈልገው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በተሰካው ሁሉ ላይ ስለሚደርስ ነው። ቅጂውንም ዲስኩንም በይለፍ ቃል ይቆልፉ።

በየሦስት ወሩ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱ። «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚለው መልእክት አይበቃም። የዘፈቀደ አምስት ደንበኞችን መርጠው ቀሪ ሂሳባቸውን ከወረቀት ደረሰኝ ጋር ያመሳክሩ። ሙሉው ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ይመዝግቡ፤ ሰርቨሩ በእውነት የጠፋ ቀን ለአባላት የሚነግሩት ሰዓት እሱ ነው።

8. ሕጉና ውሉ

የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የብድር ታሪክ እና የሕክምና መረጃ የግል ዳታ ናቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን የሚይዝ ድርጅት ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍንም በሁኔታ ይገድባል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የውጭ ክላውድ ከመምረጥዎ በፊት መረጃው በየትኛው አገር እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ባለሥልጣኑን ወይም የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የሕክምና መረጃ ላለው ክሊኒክ አገር ውስጥ ማቆየት ቀላሉ መንገድ ነው።

ውሉ ላይ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ማን እንደሚደወልለት፣ ክፍያ ቢዘገይ መረጃው ከመሰረዙ በፊት ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሲለቁም መረጃውን በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስረክቡዎ ይፈልጉ። የመጨረሻው በቃል ብቻ ከተመለሰ በተግባር ይፈትኑት። ከመፈረምዎ በፊት የሙከራ መዝገብ ያስገቡ፣ መልሰው ያውርዱት፣ ከዚያ የአቅራቢው ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር በኤክሴል ይክፈቱት። ስሞቹ በአማርኛ ሳይበላሹ፣ ቁጥሮቹም በየዓምዳቸው ካልወጡ አይፈርሙ።