አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ታሪካቸውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ አያቴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጫካ ገብተው እንደታገሉ እየሰማሁ አደግሁ። በእጃችን የቀረው አንድ ሜዳይ ብቻ ነው። ታሪካቸውን እንዴት ላገኝ እችላለሁ? (ከመንደራ ቆጪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ከቤትዎ ይጀምሩ፤ ደግሞም ዛሬውኑ። የቤተሰቡን ታላላቆች ድምፅ እየቀዱ ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ የአያትዎን ሙሉ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የፈረስ ስማቸውን፣ የተከተሉትን የጦር መሪ። የፈረስ ስሙን አይናቁት፤ በአካባቢዎ ብዙ ሰው የሚታወቀው በእርሱ ነበር። የአርበኞች መሪው ደጃዝማች ገረሱ ዱኪም «አባ ቦራ» ይባሉ ነበር።

መሪው ከታወቀ የዘመቻው ቦታና ጊዜ ይከተላል። ለምሳሌ የገረሱ አርበኞች ሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው ነበር።

ሜዳዩን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሱት፤ ሪባኑ ላይ ዘንባባ ካለ ይቁጠሩ። በአርበኝነት ሜዳይ ላይ ዘንባባው የተጋድሎ ዓመታትን ያመለክታል።

ይህን ይዘው አዲስ አበባ ወደሚገኘው የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ይሂዱ። ከዚያም ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን) እና ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይጠይቁ። በጣሊያንና በእንግሊዝ ሰነዶች ውስጥ ስም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገኝ፣ ሁሉንም አማራጭ ይሞክሩ።

ስማቸው በመዝገብ ባይገኝ አልታገሉም ማለት አይደለም። ስንቅ ያቀበሉ፣ መንገድ የመሩ፣ ወሬ ያደረሱ የውስጥ አርበኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ ብዙዎቹ አልተመዘገቡም። ስለዚህ የሰበሰቡትን ምስክርነት ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለልጆችዎ መዝገቡ እርሱ ይሆናል።