ስንፍና ነው ወይስ ሕመም?

ኬሚስትሪ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ልጅ አላችሁ እንበል። አእምሮው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ሳይጨርስ ሐሳቡ ይበተናል፣ የጀመረውን ሙከራ ይረሳል፣ የጥናት ጽሑፉን ማስረከቢያ ቀን ያሳልፋል። ይህ ከሕፃንነቱ የነበረ ጠባይ ከሆነ «ኢማኑ ደክሟል» ከማለታችሁ በፊት ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የተባለውን የትኩረት ችግር አስቡና የአእምሮ ሐኪም ይየው። (ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ዕብድ አይደለም!)

ብዙ ተማሪዎች መፍትሔውን ጫት ውስጥ ይፈልጋሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ያነቃና እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይብስበታል። ሜቲልፌኒዴት የታዘዘለት ሰው ጫት ቢቅምበት የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። የዚህ መድኃኒት አጭሩ ዓይነት የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል በመሆኑ ቀን ላይ ይደገማል። ስለዚህ ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር እንጂ በሱሑር ሁለቱን በአንድ ላይ አይዋጥ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ዓይነትም አለ።

ጥናቱን በሰላት ወቅቶች ይከፋፍል፤ ከዙህር እስከ ዐስር አንድ ሥራ ብቻ። የሙከራውን ቅደም ተከተል በትልቁ ጽፎ ፊት ለፊቱ ይለጥፍ። ሞባይሉ እስከዚያ እናቱ ዘንድ ይቆይ።