መጽሐፍ ለሕፃናት ያደረሱ ሰው



ከላስታ ልጆች መካከል ይህን ተረት ያልሰማ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አንድ ድኻ አሽከር ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልብስና ያለ እሳት በተራራ ጫፍ ላይ ለማደር ከጌታው ጋር ተወራረደ። ከማዶ ተራራ የሚታየውን የእረኛ እሳት እያየ፣ በሐሳቡ እየሞቀ ነጋለት። ጌታው ግን «እሳት ሞቀሃልና ተረትተሃል» ብሎ ከለከለው። በኋላ አንድ አስተዋይ ሰው ጌታውን ከነእንግዶቹ ጋብዞ የወጥ ሽታ ብቻ አቀረበላቸው። በሽታ የጠገበ አልተገኘም፤ ጌታውም አፍሮ የገባውን ቃል ፈጸመ። አቡነ ዮሴፍን እያየን ላደግነው ለእኛ የዚያን ሌሊት ብርድ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ አድርገው ያሳተሙት አሜሪካዊቷ ደራሲ ጄን ኩርትዝ ናቸው። እኚህ ሴት በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አገራችን መጥተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በማጂ ያደጉ ሲሆኑ፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ኢትዮጵያን አልረሷትም። የዛሬው ትምህርታችን በይበልጥ የሚመለከተው ግን እርሳቸው የደገፉትን፣ ደራሲና የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥራች የሆኑትን ኢትዮጵያዊ ነው። እኚህም አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው።

አቶ ዮሐንስ የተወለዱት በነጌሌ ቦረና ነው። ትምህርት ቤት ገብተው ቢማሩም፣ ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር። መጽሐፉ የታወቀ ታላቅ ሥራ ሳይሆን ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ነገር ግን የንባብን ፍቅር ያሳደረባቸው እርሱ መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል።

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ በፖለቲካ ምክንያት አገራቸውን ጥለው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በስደት አገር ተምረው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑና በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። ከሥራቸው አንዱ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍትን እየፈለጉ መግዛት ነበር። የሌላው አገር ልጅ በቋንቋው የተጻፈለት መጽሐፍ ሲያገኝ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋ የሚገዛ የሕፃናት መጽሐፍ ግን ፈልገው አጡ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ያዝናል፣ ያማርራል፣ ከዚያም ይረሳዋል። አቶ ዮሐንስ ግን «የለም» የተባለውን ራሳቸው ለመጻፍ ተነሡ። እናቶቻችን በምድጃ ዳር የሚያጫውቱንን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ጽፈው፣ ሥዕል አስገብተውበት አሳተሙት። የሽያጩም ገንዘብ በኢትዮጵያ ለሚከፈቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲውል አደረጉ። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 በጄን ኩርትዝ አጋዥነት የተቋቋመው ድርጅት በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» በሚል ስም ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አቶ ዮሐንስ የአሜሪካ ሥራቸውን ትተው 15,000 ያህል የስጦታ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2003ም በአዲስ አበባ፣ ሾላ በተባለው ሰፈር፣ ከሚኖሩበት ቤት ከፍለው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቁም። የሰፈሩ ልጆችም እየጎረፉ ገቡ። ቀጥሎም ወደ ቤተ መጻሕፍት መምጣት ለማይችሉ ልጆች በአዋሳ ከተማ መጻሕፍት የተጫነበት፣ አህያ የሚስበው ጋሪ በየሰፈሩ እንዲዞር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ከዚያ በኋላም ሥራቸውን በትግራይ ቀጥለዋል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ለላሊበላ ወጣቶች ምን ያስተምረናል? እኛ የመጽሐፍን ክብር እናውቃለን። አባቶቻችን በብራና የጻፏቸውን እንሳለማለን፤ የቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት እስኪደግም ስንት ደጅ እንደሚለምን አይተናል። ነገር ግን መጽሐፍን ማክበርና ለልጅ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ንባብ ጥሩ ነው» እያልን ታናናሾቻችንን መምከር ብቻውን የወጥ ሽታ ማቅረብ ነው። በሽታ የጠገበ ልጅ የለም።

ይህን ስጽፍ ራሴንም እየወቀስሁ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሣጥን የተዋስሁትን አንድ የተረት መጽሐፍ አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ ሁለት ክረምት ሙሉ ቤቴ አስቀመጥሁት። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ መጥቶ ያንኑ መጽሐፍ ጠየቀ። ኃላፊዋ እኅታችን ሣጥኑን ፈትሻ «የለም፣ ልጄ» አለችው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልሁ። በማግሥቱ መጽሐፉን መለስሁ፤ ልጁ ግን ተመልሶ ሲመጣ አላየሁትም። አቶ ዮሐንስ ባሕር ማዶ ሆነው «የለም» የሚለውን ቃል ሊያጠፉ ሲደክሙ፣ እኔ በአንድ ሣጥን ውስጥ «የለም» እንዲባል አደረግሁ።

ስለዚህ ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ ሦስት ነገሮችን እንጀምር። አንደኛ፣ የተዋስነውን መጽሐፍ በዚህ ሳምንት እንመልስ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ታናሽ ልጅ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብለት። ሦስተኛ፣ አያቶቻችን የሚያውቁትን የላስታ ተረት በደብተር እንጻፍ፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ ተረቱም አብሮ ያልፋልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አቶ ዮሐንስ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ባጡ ጊዜ ምን አደረጉ? እኛስ «የለም» ሲባል ምን እናደርጋለን?
2. ትልቅ ሕንፃ ሳይጠብቁ በመኖሪያ ቤታቸው መጀመራቸው ምን ያስተምረናል?
3. በቤታችን የተቀመጠ የሰው መጽሐፍ አለን? ማን እየጠበቀው ይሆን?