መኪናህን አውሰኝ አትበሉኝ

እሑድ ከንጋቱ በፊት ስልኬ ሲጮኽ ሳላነሳው ጉዳዩን አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ፖሊስ ያዘኝ። ሁለት ቢራ ብቻ ነበር እኮ! ምን ይሻለኛል?» ቨርጂኒያ ከገባሁ ወዲህ ይህን ስልክ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ መቁጠር ትቻለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከመያዛችሁ በፊት አንብቡት። አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ የደም አልኮል ወሰኑ 0.08 ነው፤ ዩታ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 ዝቅ አድርጋዋለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጥቶ መንዳት የመጀመሪያህ ቢሆንም የወንጀል ክስ ነው፤ እንደ ፓርኪንግ ቲኬት ከፍለህ የምትገላገለው አይደለም። ቅጣቱ ከ250 ዶላር አያንስም፣ እስከ 2,500 ሊደርስ ይችላል። እስከ 12 ወር ሊያሳስርህም ይችላል፤ መንጃ ፈቃድህ ደግሞ ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። መለኪያው 0.15 ካሳየ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ቢያንስ 10 ቀን መታሰር ግዴታ ነው፤ ዳኛው ቢያዝንልህም ሊተውልህ አይችልም። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ከተያዝክ ጉዳዩ ወደ ከባድ ወንጀል ይሸጋገራል። ከታሰርክ በኋላ «አልነፋም» ማለትም አያድንህም፤ እምቢታው ራሱ መንጃ ፈቃድህን ለአንድ ዓመት ያስነጥቅሃል።

«ታዲያ መኪናው ውስጥ ትንሽ ልተኛና ሲበርድልኝ ልሂድ» የሚለኝ ብዙ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የወሰነውን ስማ። ሰውየው የተገኘው በገዛ ቤቱ ግቢ፣ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነው። ቁልፉ ተሰክቷል፣ ሬዲዮው በርቷል። አንድ ሜትር ሲነዳ ያየው የለም፤ ጥፋተኝነቱ ግን ጸና። ስለዚህ ከጠጣህ የሹፌሩ ወንበር ላይ አትቀመጥ፤ በታክሲ ሂድና መኪናህን በማግስቱ መጥተህ ውሰድ።

የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሥራ ላይ ወሰኑ 0.04 ነው። በዕረፍት ቀንህ፣ በቤት መኪናህ ብትያዝና ቢፈረድብህ እንኳ የንግድ መንጃ ፈቃድህ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ።

ዜግነት ላልያዝን ሰዎች ሌላ በርም አለ። የዜግነት ማመልከቻው ታስረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ክሱ ቢዘጋም መጻፍ አለብህ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ምግባርህ በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ሁለት የዲዩአይ (ጠጥቶ የመንዳት) ፍርድ ካለብህ መልካም ምግባር እንደጎደለህ ይቆጠራል፤ አለመሆኑን የማስረዳቱ ሸክም ያንተ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት ጠበቃህን «ይህ ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?» ብለህ ጠይቀው። በቡና ላይ የሰማኸውን ይዘህ ፍርድ ቤት አትግባ።

አሁን ወደተቃጠልኩበት ልምጣ፤ ትንፋሽ እየለካ ሞተር ወደሚያስነሳው መሣሪያ፣ ወደ ኢንተርሎክ።

ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2012 ጀምሮ የመጀመሪያ ጥፋተኛም ቢሆን ወደ ሥራ የሚያስኬደውን የተገደበ ፈቃድ ሲያገኝ ይህ መሣሪያ መኪናው ላይ እንዲገጠም ታዛለች። ሜሪላንድ ሕጓን ያጠበቀችው በአንድ ወጣት ሞት ምክንያት ነው። ኖዋ ሊዮታ የተባለ የ24 ዓመት ፖሊስ በታኅሣሥ 2015 ሮክቪል ላይ ጠጪዎችን ለመቆጣጠር ወጥቶ የጠጣ ሹፌር ገጨውና ሞተ፤ በስሙ የተጠራው ሕግ በጥቅምት 2016 ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያው ባሳፈረህ ቁጥር ይህን ልጅ አስበው።

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስ። መሣሪያው የእጅ ስልክ ያክላል። ከመሪው አጠገብ በጥምዝምዝ ገመድ ይንጠለጠላል፣ ጫፉ ላይ የምትነፋበት ፕላስቲክ አለው። ካልነፋህ ሞተሩ አይነሳም፤ ከ0.02 በላይ ካሳየም አይነሳም። ጉዞ ከጀመርክም በኋላ በመሀል ይጮህና እንደገና ንፋ ይልሃል። እያንዳንዱን ትንፋሽ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ቢያንስ በየ30 ቀኑ ለምርመራ ትወስደዋለህ፤ ወጪው በሙሉ ከኪስህ ነው። ጠዋት አልኮል ባለበት መድኃኒት አፍህን ተጉመጥምጠህ ብትነፋ ሊይዝህ ይችላል፤ በውኃ ተጉመጥመጥ፣ ጠብቅ፣ ከዚያ ንፋ። ቢያንስ 6 ወር ያለ አንዳች ጥፋት፣ ሳይቋረጥ መሙላት አለብህ።

ይህን ሁሉ የአክስቴ ልጅ ያውቅ ነበር። አራት ወር በንጽሕና ጨርሷል። ከዚያ እናቱ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። ዲዩአይ እንዳለበት አልነገራትም። በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የቀነሰበትንም «ሥራ ቀዘቀዘ» ብሎ ሸፋፍኖታል። እና መጣና «ጋሼ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ መኪናህን አውሰኝ፤ ያንን ነገር አፌ ላይ አድርጌ ስነፋ እንዳታየኝ» አለኝ።

እንደማይፈቀድ አውቅ ነበር። የተገደበ ፈቃድ ያለው ሰው ኢንተርሎክ የሌለውን መኪና መንዳት አይችልም፤ የወንድሙንም፣ የሚስቱንም፣ የተከራየውንም። አውቄ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። እናት ናት፣ ስድስት ዓመት አልተያዩም፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ቁልፉን ሰጠሁት።

ከደለስ አየር ማረፊያ ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸው። ምክንያቱ የመኪናዬ የኋላ መብራት አለመሥራቱ ነበር፤ ነገ አሠራዋለሁ ስል የከረምኩት መብራት። ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ መኪናዬ ተጎታች ላይ እየወጣ ነው። እሱ የለም። አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማለች፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸው ሻንጣዎቿ እግሯ ሥር ተደርድረዋል። አሥራ ስድስት ሰዓት በርራ መጥታ ልጇ በካቴና ሲሄድ ነው ያየችው። እኔን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰው ገደለ እንዴ?» ብላ ነው።

ያ አንድ ሰዓት አዲስ የወንጀል ክስ አመጣበት፣ አዲስ ጠበቃ አስቀጠረው፣ አራቱንም ወር በላበት። እኔ የተጎታቹንና የማቆሚያውን ከፈልኩ፤ ያ ግን ቀላሉ ነው። ለአክስቴ መንገድ ዳር ቆሜ ያስረዳሁትን ነገር ልጇ በስልክ፣ ከቤቷ ሳትወጣ ቢነግራት ኖሮ ታለቅስና ይወጣላት ነበር። ማታ ቤት ገብተን «ልጄን ላይ እንጂ መኪናውን ላይ መጣሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። ልጁን ወይም ሚስቱን «እስቲ አንዴ ንፊልኝ» የሚል አባወራ አጋጥሞኛል። በቨርጂኒያ ሕግ ላንተ እንድትነዳ ብሎ የሚነፋልህ ሰው ራሱ ወንጀል ይሠራል፤ እስከ 12 ወር ሊያሳስረው ይችላል። ካሜራ ያላቸው መሣሪያዎችም አሉ፤ የማን ፊት እንደነፋ ያሳያሉ። ለራስህ ኀፍረት ብለህ ልጅህን አታስከስስ።

ለደጋሾችም አንድ ቃል አለኝ። በሠርጉ፣ በመልሱ፣ በምርቃቱ «በሞቴ አንዲት ብቻ» የምትሉት ሰው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አለ። የቤት ጠጅ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ አልተጻፈም፤ ቢራ እንደሚቆጥር ሰው ብርሌ መቁጠር አይቻልም። እንግዳ ማክበር ከፈለጋችሁ ማን እንደሚነዳ በር ላይ ጠይቁ፣ ለነጂው ብርዝ አቅርቡለት፣ የጠጣውን በታክሲ ሸኙት።

መሣሪያው ተገጥሞብህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሦስት ሰው ጋ ደውል። ለሚስትህ ወይም ለባልሽ፣ ምክንያቱም ያንን መኪና የሚነዱ ከሆነ እነሱም መንፋት አለባቸው። አገር ቤት ገንዘብ ለምትልክለት ሰው፣ ምክንያቱም ለጥቂት ወራት መቀነሱ አይቀርም፣ ውሸት ደግሞ ወር በወር ይበዛል። ሦስተኛው፣ መኪናውን ልትዋስ ያሰብከው ዘመድህ ነው። «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» በለው። መኪና ለመዋስ ከሆነ እኔ ጋ አትደውል፤ ለአየር ማረፊያ የምትፈልገኝ ከሆነ ግን ሰዓቱን ንገረኝ፣ ራሴ ነድቼ እናትህን እቀበላታለሁ። የኋላ መብራቱንም አሠርቼዋለሁ።