ልጅ መጤውን መጥላት ከማን ይማራል?

ጎረምሳ መጤውን ገና ሳያውቀው ስለ ምን ይጠላዋል? አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥላቻ ለልጅ በቃል ባይነገረውም ከቤቱ አየር እንደሚጋባበት አስረድቷል።

ጀርመንን እንመልከት። በ1961 እ.ኤ.አ. ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ውል ተዋውላ ብዙ ቱርኮች በፋብሪካዎቿ ተቀጠሩ። ጀርመናዊው አባትና ቱርኩ አብረው ሲሠሩ ይውላሉ እንበል፤ አባት ማታ ወደ ቤቱ የሚጠራው ግን የአገሩን ሰው ብቻ ነው። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ቢልም፣ ልጁ የሚቈጥረው ከማዕድ የተቀመጠውን ነው። (እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ቈጥረናል።) ቱርኩ ከነቤተሰቡ ቡና የሚጠጣበት ቤት ልጅ ግን፣ የራሱ ቱርክ ጓደኛ ባይኖረው እንኳ የአባቱን ወዳጅነት አይቷል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስቲቨን ራይትና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከወገን አንዱ ከባዕድ ጋር ወዳጅ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ጥላቻን ያለዝባል።