አምባሻና የሸረሪት ድር፦ ስለ ሃሎዊን ቸኮሌት አሠራር የቀረበ ምልልስ

ሃሎዊን በምዕራባውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ጥቅምት 21 ቀን ማታ (ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ጥቅምት 20) የሚከበር፣ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭ የሚቀበሉበት በዓል ነው። በሰቆጣም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋ ይህ በዓል አይታወቅም፤ ሆኖም በውጭ አገር የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች በትምህርት ቤትና በሰፈር ስለሚያገኙት፣ የኬክ ሙያ የጀመሩ ወጣቶችም የማስጌጫ ጥበቡን በስልካቸው እያዩ ስለሚመኙት፣ ነገሩ ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በጥያቄና መልስ ሥርዓት የተጻፈ ሲሆን፣ ጠያቂው በሰቆጣ ኬክ መሥራት የጀመረ ወጣት፣ መላሿ ደግሞ ሆም ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዳቦ በመድፋትም የታወቁ እናት ሆነው ቀርበዋል።

ወጣቱ፦ እማማ፣ ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ጣፋጭ የሚቀበሉበት በዓል ለዋግ ሰው እንዴት ሊገለጽ ይችላል?

እማማ፦ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ልጄ። ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ሕዝቡ ቡሄ በሚለው ዕለት፣ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ በየቤቱ ይጨፍራሉ፤ የቤቱ እመቤትም ሙልሙል፣ ማለትም በእጅ ተድቦልቡሎ የተጋገረ ትንሽ ዳቦ፣ ታወጣላቸዋለች። ከሦስት ቀን በኋላ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ደግሞ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ይገባል፤ ልጃገረዶቹም ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ረጅም ሣር በወገባቸው አሥረው እየዞሩ ይጫወታሉ፣ ስጦታም ይቀበላሉ። ስለዚህ ደጃፍ ላይ የቆመ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም የሚለው ልማድ በሁለቱም ወገን አለ። ልዩነቱ ልጁ በምላሹ የሚሰጠው ነገር ላይ ነው፤ የቡሄው ልጅ ጨፍሮ ቤቱን መርቆ ይሄዳል፣ የሃሎዊኑ ግን ካልተሰጠው ተንኮል እንደሚሠራ በጨዋታ ይዝታል።

ወጣቱ፦ በዓሉ ከሙታንና ከመናፍስት ጋር የተያያዘው በምን ምክንያት ነው?

እማማ፦ በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ኖቬምበር 2 ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ ሃሎዊን የእነዚህ ዋዜማ ነው፤ ከዚያም በፊት በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበሩት ሴልቶች የመኸሩን ማብቂያና የብርዱን መግቢያ በዚያው ሰሞን ያከብሩ ነበር። በእንግሊዝ ድሆችና ልጆች በእነዚያ ቀናት በየቤቱ እየዞሩ ለሞተው ዘመድ ነፍስ ለመጸለይ ቃል ይገቡና በቅመም የተጋገረ ትንሽ ክብ ኬክ ይቀበሉ ነበር፤ ኬኩም የነፍስ ኬክ ይባል ነበር። ተዝካርን፣ ማለትም በአርባኛው ቀን ስለ ሟች ነፍስ ካህናትና ድሆች የሚበሉበትን ድግስ፣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳው ነገር ጸሎቱ ቀርቶ ማስፈራራቱ ብቻ መትረፉ ነው። ዱባውም ቢሆን ኋላ የመጣ ነው፤ አየርላንዳውያን ፊት እየቀረጹ መብራት ያበሩበት የነበረው በሥራ ሥር ተክል ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ግን ለመቅረጽ የሚመች ትልቅ ዱባ አገኙ። ፋብሪካ የጠቀለለው ከረሜላና ቸኮሌት ዋናው ስጦታ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ሙያውን ለመማር ያህል የቸኮሌት ኬክ ይሠራ ቢባል ከየት መጀመር ይገባል?

እማማ፦ ከቀን መቁጠሪያው። ሙልሙል ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የሚጋገረው ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ነው። ሃሎዊንም በጽጌ ወር ውስጥ ይውላል፤ የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ቢሆንም ረቡዕና ዓርብ ግን የሁሉ ነው፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 21 የዋለውም ዓርብ ቀን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መማር የሚገባው የጾሙ ኬክ ነው፤ እሱን ያወቀ የፍስኩን አያጣውም። ጥቁር ቸኮሌት የሚሠራው ከካካዎ ፍሬ፣ ከፍሬው ከሚጨመቀው ስብና ከስኳር ስለሆነ ለጾም ይሆናል፤ ስቡ የካካዎ ቅቤ መባሉ ማንንም ሊያሳስት አይገባም፣ ከዘይት የሚቆጠር የተክል ስብ ነው። የወተት ቸኮሌትና ነጭ ቸኮሌት ግን የወተት ዱቄት አለባቸው፣ አንዳንዱ ጥቁር ቸኮሌትም በጥቂቱ ስለሚገባበት መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ወጣቱ፦ የጾሙ ኬክ ያለ እንቁላል በምን ይነፋል?

እማማ፦ በቤኪንግ ሶዳና በአቼቶ። አንድ ኩባያ ተኩል የስንዴ ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ጥቂት ጨው አብረው ይነፋሉ፤ በሌላ ዕቃ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይቀላቀሉና ይጨመራሉ። አቼቶው ሶዳውን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ወዲያውኑ ይወጣል፤ ሊጡን የሚያነሣው እሱ ስለሆነ፣ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ እስኪል ተቀምጦ የሚጠበቅ ሳይሆን ተደባልቆ እንዳበቃ እሳት ማግኘት ያለበት ነው። በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል፣ የተሰካበት ስቴኪኒም ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ በስሏል ማለት ነው። ኦቭን በሌለበት ቤት ወፍራም ብረት ድስት ከሰል ላይ ተጥዶ ክዳኑም ላይ ፍም ቢደረግበት፣ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች በእሳት እንደሚበስለው ሁሉ ይበስላል፤ ጭሱ እንዳይገባ ግን የክዳኑ ዙሪያ ይታሸግ።

ወጣቱ፦ ይህ ልክ ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ፣ በሰቆጣ ሲሞከር መሃሉ የሚሰረጉደው ለምንድን ነው?

እማማ፦ መልካም ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ዱቄቱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የዱቄቱ አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ያንሳል፤ ጋዙን የሚጫነው አየር በቀለለ መጠን አረፋው ከልኩ በላይ ያብጣል፣ የሊጡ ግድግዳ ሳይጠነክር ይፈነዳል፣ ኬኩም ተነሥቶ ይወድቃል። ደግሞም ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ገደማ ስለሚፈላ ሊጡ ቶሎ ይደርቃል፣ ስኳሩም ይበዛበታል። መድኃኒቱ ሶዳውን በሩብ መቀነስ፣ ከስኳሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማንሣት፣ ውሃውን በሦስት የሾርባ ማንኪያ መጨመርና የኦቭኑን ሙቀት ወደ 190 ማድረስ ነው። የመጽሐፍ ልክ ብዙውን ጊዜ የቆላ ልክ ነውና ደጋ ላይ እንዳለ አይያዝም።

ወጣቱ፦ የዋግ ማር በስኳሩ ፋንታ ቢገባስ?

እማማ፦ ከስኳሩ እኩሌታው በማር ቢተካ ኬኩ ለብዙ ቀን ይለሰልሳል፣ ጾምም አያፈርስም፤ ሆኖም ማር ውሃ ስላለበት የሚጨመረው ውሃ ይቀነሳል፣ ላዩም ቶሎ ስለሚጠቁር እሳቱ ይበርዳል። ወደ ቀለጠ ቸኮሌት ግን ማር ጠብ እንዳይል፤ ቸኮሌት ጥቂት እርጥበት ሲነካው ዱቄቱ ተያይዞ እንደ ጭቃ ይቋጠራል፣ ከዚያ በኋላም ለመሸፈኛ አይሆንም።

ወጣቱ፦ ኬክ ቤት የሚሸጠው ቸኮሌት ላዩ ያብረቀርቃል፤ ቤት ውስጥ ቀልጦ የደረቀው ግን ነጭ አመዳም ይሆናል። ምን ጎድሎት ነው?

እማማ፦ የጎደለው ቴምፐር ማድረግ የሚባለው ሥራ ነው፤ ይህም ቸኮሌቱን አቅልጦ፣ አብርዶ፣ እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ማለት ነው። የካካዎ ስብ ሲረጋ የሚፈጥራቸው ልዩ ልዩ የብሉር ዓይነቶች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበርም ቀጭ የሚል ቸኮሌት ይሰጣል፣ ሌሎቹ ልፍስፍስ ሆነው ከጊዜ በኋላ ስባቸው ወደ ላይ ይወጣና አመድ የመሰለውን ነጭ ይሠራል። ነጩ ሻጋታ አይደለም፣ አይጎዳምም፤ ዓይን ግን አይወድደውም። ሥራው እንዲህ ነው፦ ጥቁሩ ቸኮሌት ተከትክቶ ከሦስት ሁለት እጁ ደረቅ ሳህን ውስጥ ይደረግና የሳህኑ ቂጥ ውሃውን ሳይነካ በሚተን ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ 45 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይወርዳል፣ የቀረው ሢሶም ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ወደ 28 ዲግሪ እስኪበርድ ይማሰላል፣ ከዚያም ለአፍታ ያህል ወደ እንፋሎቱ ተመልሶ 31 ወይም 32 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ወስዶ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ያስነካ፤ ከገላው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ከተሰማው ደርሷል፣ ለብ ካለው ገና ነው። በካካዎ ስብ ፋንታ ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት ርካሹ መሸፈኛ ይህ ሁሉ ድካም አያሻውም፤ ምላስ ላይ ግን እንደ ሻማ ይቀራል።

ወጣቱ፦ ወደ ማስጌጡ ከተደረሰ፣ በሃሎዊን ኬክ ላይ ዘወትር የሚታየው የሸረሪት ድር እጅ ላልፈታ ሰው አይከብድም?

እማማ፦ አምባሻ ያስጌጠ እጅ ድሩን ያውቀዋል። አምባሻ ምጣድ ላይ ተዘርግቶ በእርጥብ ጣት ከተስተካከለ በኋላ መሃሉ ላይ ክብ ይሠመራል፣ ከክቡም ወደ ጠርዙ እንደ መንኮራኩር እግር ያሉ መሥመሮች ይወጣሉ፣ በመካከላቸውም በሹካ ጥርስ ወይም በቢላ ጫፍ ረድፍ በረድፍ ይወጋል፣ ጥቁር አዝሙድም ይነሰነስበታል። ጥልቀቱ ነው ጥበቡ፤ ቢላው ሊጡን ላዩን ብቻ ከጫረው ሲነፋ ይደፈናል፣ ከግማሽ በላይ ከገባ ደግሞ ሲገለበጥ ይሰበራል። የሸረሪት ድርም ያው ክብና ከመሃል የሚወጣ መሥመር ነው። ኬኩ ላይ ጥቁሩ ቸኮሌት ይፈስሳል፤ ሳይረጋ፣ ጫፉ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተቆረጠ ትንሽ ፌስታል ነጭ ቸኮሌት እየተጨመቀ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ አራት ወይም አምስት ክቦች ይሳላሉ፤ ወዲያው ስቴኪኒ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስምንት ጊዜ ይሳባል፣ በየስባቱም ጫፉ ይጠረጋል። ለጾም ቀን በነጩ ቸኮሌት ፋንታ የላመ ስኳር በጥቂት ውሃና በሎሚ ጭማቂ ተለውሶ ይበቃል።

ወጣቱ፦ በመግነዝ የተጠቀለለ ሬሳ፣ የራስ ቅልና የሬሳ ሣጥን የሚመስሉ ኬኮችም ይሠራሉ። እነሱስ?

እማማ፦ እነሱ ይቅሩ። ከጎረቤት ሰው ተቀብሮ አርባው ባልወጣበት ሰፈር መግነዝን ለጨዋታ ማቅረብ ነውር ነው፤ ኀዘንተኛዋ እናት ሕፃኑ እጅ ላይ ስታየው ምን እንደሚሰማት ማሰብ ይበቃል። ማስፈራት ካስፈለገ አገሩ ድሃ አይደለም፤ ማታ ማታ በእሳት ዳር የሚተረተው አያ ጅቦ አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ፣ ጉጉት አለ። ለጅብ ጆሮው ክብ፣ ጀርባው ከፊት ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ይሁን፣ ሰውነቱም ላይ ነጠብጣብ ይደረግ፤ ጆሮው ከሾለ ውሻ ይሆናል፣ ልጆችም ይስቁበታል። ጭራቅ ደግሞ ማንም አይቶት ስለማያውቅ ለጀማሪ ይመቻል፤ ተጣሞ ቢወጣም ጭራቅ ነው።

ወጣቱ፦ ጣፋጭ ለሕፃናት አይበዛም?

እማማ፦ ይበዛል። ሕፃናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል፤ የዚህ ከተማ ልጅ እንቁላልና አተር ሳይጠግብ በቸኮሌት ሆዱ ቢሞላ ስሙ ራሱ ይታዘባል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስኳር አይሰጥም፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ኬኩ እንደ ሙልሙሉ በትንሹ ይጋገር፣ አንድ ለአንድ ልጅ ይታደልና ያብቃ።

ወጣቱ፦ የተሸፈነው ኬክ በተከዜ ቆላ ወዳለው አበርገሌ ለዘመድ ቢላክስ፣ ሳይበላሽ ይደርሳል?

እማማ፦ የካካዎ ስብ በ34 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ ወዲያው የሚሟሟውም ለዚሁ ነው። ወደ ተከዜ በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚበረታ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ቸኮሌት ድሩም ጅቡም አንድ ላይ ይፈስሳል፤ እንደገና ቢረጋም አመዳም ሆኖ ነው የሚረጋው። ቸኮሌቱ እዚሁ በደጋው፣ ፀሐይና ሽታ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ይበላ፤ ለአበርገሌው ዘመድ አምባሻው ይላክለት።